ልክ የሆነ ሰው ምን ያስቸኩለዋል

ተስኒም መስዑድን አንድ ተራ ቀን ስንት ያስወጣታል? ባሕር ዳር ውስጥ ከዓባይ ማዶ ተነሥታ ገበያ መሀል እስካለችው የክርና የዚፕ ሱቋ ባጃጁ ሃያ ብር ነው፤ ማታ ስትመለስ ሌላ ሃያ። የልጇ የሀኒያ ወተት አለ። ዳይፐር አለ፤ እሱንም ቀን ቀን በጨርቅ እየተካች ለሌሊት ብቻ አድርጋዋለች። ምሳዋን ከቤት ቋጥራ ስለምትወጣ አይቆጠርም። መጨረሻ ላይ የኢንተርኔት ፓኬጅ ይመጣል፤ ባሏ ሰላህ የሚያጉረመርመውም እዚህች ላይ ነው።

«ሰው ሠርቶ ይከፈለዋል፤ አንቺ ከፍለሽ ትሠሪያለሽ!»

«አንተስ ኳስ ለማየት ከፍለህ አይደል የምትጮኸው? እኔ እንኳ ሳልጮህ ነው።»

በብር የማይቆጠር ወጪም አላት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮዋ ድረስ መጥታ ዋጥ የምታደርጋት ቃል አለች። ከሁሉም የምትወደድባት እሷ ናት።

ሥራው እንዲህ ነው። «አስታዋሽ» የሚባል የስልክ ፕሮግራም አለ፤ የመድኃኒት ሰዓትንና የክትባት ቀንን በእኛው አቆጣጠር የሚያስታውስ። ኦፕን ሶርስ ነው። ውስጡ ለማንም ክፍት ነው ማለት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል፣ ማንም ለማንም አይከፍልም። ደቦ በሉት። ደቦተኞቹ የሚገናኙት በቴሌግራም ነው፤ አብዛኞቹ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም።

ተስኒም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ ንግድ የገባች ናት፤ ኮድ መጻፍ አታውቅም። ሀኒያ ጆሮዋን ታማ በቀን ሦስት ጊዜ ሽሮፕ የታዘዘላት ጊዜ ነው «አስታዋሽ»ን ያገኘችው። ሰዓቱን ሞልታ ስትጨርስ ስልኩ «ማንቂያዎ በተሳካ ሁኔታ ተዋቅሯል» አላት። ግራ ገብቷት ለቴሌግራም ማኅበራቸው ጻፈች፦ «ይኼ ምን ማለት ነው? ‹እሺ፣ አስታውስሻለሁ› ቢል አይሻልም?» ሳቁ፣ አመሰገኗት፣ በማግስቱ ቀየሩት። እንግዳ ተቀባይነታቸው ደስ ብሏት እዚያው ቀረች። በኋላም አዲስ ሰው የምትቀበል፣ ጠብ ሲነሣ የምታበርድ እሷ ሆነች።

ለጠብ ማብረጃ የተጻፈ የሥነ ምግባር ደንብም ነበራቸው። ከውጭ አገር ተወስዶ በማሽን የተተረጎመ ነው፤ «ተሳታፊዎች አካታች ከባቢን ያጎለብታሉ» ብሎ ይጀምራል። ከመጀመሪያው ገጽ ያለፈ ሰው አልተገኘም።

እትዬ የሺአረግን ወደ ማኅበሩ የጠራቻቸው ራሷ ተስኒም ናት። እትዬ የሺ በወረታ መንገድ ላይ ባለችው የሐሙሲት ከተማ፣ አውቶብስ የሚቆምበት አጠገብ ሻይ ቤት አላቸው። የተስኒም አባት ወደ ወረታ ሸቀጥ ሲያመላልሱ ሻያቸውን እሳቸው ዘንድ ነበር የሚጠጡት። እትዬ የሺ ደም ግፊት አለባቸው። አምና ክኒናቸውን ረስተው፣ ሻይ እየቀዱ ሳለ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ተስኒም ይህን ስትሰማ ደወለችላቸው፤ የጎረቤት ልጅ ፕሮግራሙን ስልካቸው ላይ ጫነላቸው። «ችግር ካለ እዚሁ ይናገሩ እትዬ፤ ጥሩ ልጆች ናቸው» አለቻቸው።

ጥቂት ቀን ቆይተው እትዬ የሺ የድምፅ መልእክት ላኩ።

«ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ? ይኼ ነገራችሁ አብዷል። የጠዋት ሁለት ሰዓት ክኒኔን ከቀትር በኋላ በስምንት ጮኸልኝ። የማታው ደግሞ ሌሊት በስምንት ጮኾ ውሻውንም ጎረቤቱንም አስነሣብኝ። እስቲ ምከሩት።»

የመለሰላቸው ብሩክ ነው። ብሩክ ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገነ የሚኖር የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። የ«አስታዋሽ»ን ውስጥ እንደ እሱ የሚያውቀው የለም፤ አዲሱ እትም የሚወጣበት የይለፍ ቃልም በእሱ እጅ ብቻ ነበር። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ያበደው ፕሮግራሙ አይደለም፣ የስልክዎ ሰዓት ነው። ሰዓት መሙላት የማይችል ሰው ስልኩን ለልጅ ልጁ ይስጥ።» ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደረደሩ።

እትዬ የሺ ከማኅበሩ ወጡ። እሳቸውን አይተው የገቡት የሐሙሲት ሰዎችም አንድ ባንድ ተከተሏቸው። ተስኒም ብትደውል፣ «ተይው ልጄ፣ ከስልኬም አስጠፍቸዋለሁ» አሏት።

«ክኒኑስ እትዬ?»

«እግዜር ያስታውሰኛል።»

ተስኒም ስልኩን ዘጋች። ወዲያው ለብሩክ ደወለች።

«ምን አጠፋሁ?» አለ። «የተዛባው ስልካቸው አይደለም እንዴ?»

«ስልካቸው ነው።»

«ታዲያ ልክ አይደለሁም?»

«ልክ ነህ።»

«እና!»

«እናማ ሴትዮዋ ክኒናቸውን ሊረሱ ነው። ይቅርታ በላቸው።»

«ያንን ደንብሽን አይቸዋለሁ። ‹አካታች ከባቢ› ይላል፤ ስለ ሻይ ቤት የሚያወራው የለም።»

«አትቀልድ ብሩክ።»

«ይቅርታ በል ከተባልሁ የይለፍ ቃሉን አስረክቤ እወጣለሁ። በነጻ ሠርቼ ደግሞ እግር ልሳም እንዴ?»

ያቺ ቃል መጣች። ሹል ነበረች፤ ብትወጣ ብሩክን ለሁለት ትሰነጥቀው ነበር። ግን እሱ ከሄደ ፕሮግራሙን የሚይዝ የለም፤ የእትዬ የሺ ክኒን ብቻ ሳይሆን የስንት ሕፃን ሽሮፕ ሊረሳ ነው። ተስኒም አባቷን አስታወሰች። አባቷ በወጣትነታቸው ጣና ላይ እህል በጀልባ ሲያሻግሩ የኖሩ ናቸው፤ ልጆቻቸው ሲጨቃጨቁ፣ «ጀልባ ላይ ጠብ የለም። የሚጣላ ሰው ወደብ ይጠብቅ፤ ወደብ ሲደርስ ደግሞ ርቦት ይረሳዋል» ይሉ ነበር።

ተስኒም ቃሏን ዋጠች። «ሐሙስ የሐሙሲት ገበያ ነው፤ ለልብስ ሰፊዎች ክር አደርሳለሁ። ሀኒያን የሚይዝልኝ አጣሁ። ትመጣለህ?»

«እትዬ የሺ ቤት ልትወስጂኝ ነው።»

«አዎ። ምንም አትናገር፤ ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ።»

ብሩክ ሀኒያን ይወዳታል፤ ሀኒያ ደግሞ ጆሮውን መጎተት ትወዳለች። «ሻይ ብቻ» አለ።

ሐሙስ ጠዋት፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀው ተሳፈሩ። ሻይ ቤቱ በገበያተኛና በተሳፋሪ ሞልቶ ሳለ ደረሱ። እትዬ የሺ ተስኒምን አገላብጠው ሳሟት፣ ሀኒያን ከብሩክ ክንድ ነጥቀው አቀፏት።

«ይኼስ ማነው? ወንድምሽ ነው?»

«አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው» አለች ተስኒም። ውሸት የለበትም።

«ደግ። ከዚያ ከባለጌው ጋር እንዳይውል ብቻ ምከሪው።»

ብሩክ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

«የቱ ባለጌ?» አለ ከጎን የተቀመጠ የአውቶብስ ሾፌር።

ከዚህ ወዲያ ማን ይመልሳቸው! እትዬ የሺ ነገሩን ለቤቱ ሙሉ ሰው ተረኩት። ሲተርኩት ውሻው ሦስት ሆነ፣ ጎረቤቱም መንደር። «ስልኩን ለልጅ ልጁ ይስጥ አለኝ! ልጄን ሳልድር የልጅ ልጅ ከየት ላምጣ?» ተሳፋሪው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ታዲያ ረገሙት?» አለ ሾፌሩ።

«ኧረ እናት አለችው፣ ምን ቆርጦኝ! ብቻ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣ ብያለሁ።»

ሻይ መጣ፣ የስኳሩም ዕቃ ተከተለ። ብሩክ ሦስት ማንኪያ ካልጨመረ ሻይ የማይወርድለት ልጅ ነው። የስኳሩን ዕቃ በጣቱ ወደ ሾፌሩ ገፋ አደረገና ያንን ጥቁር ሻይ ፉት አለ። ፊቱ ተጨማደደ። ሌላ ፉት አለ።

«ምነው ልጄ፣ ስኳር አይስማማህም?» አሉ እትዬ የሺ።

«ይስማማኛል እትዬ። እርግማን አለብኝ።»

እትዬ የሺ እሱን አዩ፣ ተስኒምን አዩ፣ ብርጭቆውን አዩ። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ባለጌው።»

«በስመ አብ! ይኼ መልአክ የመሰለ ልጅ?» ወደ ተስኒም ዞሩ። «አንቺም ጉድ ነሽ! እንዲህ ስዘረግፈው ዝም ትይኛለሽ?» ሊቆጡ ጀምረው ሳቅ አሸነፋቸው፤ ሀኒያም ነገሩ ሳይገባት አብራቸው ተንከተከተች።

ሳቁ በረድ ሲል ብሩክ ያኔ ሊጠይቅ ይገባው የነበረውን ጠየቀ። «እትዬ፣ የስልክዎ ሰዓት አሁን ስንት ይላል?»

«አምስት።»

የግድግዳውም ሰዓት አምስት ይላል። «ማን ሞላልዎ?»

«ራሴ ነኛ! ሲሸጡልኝ በፈረንጅ ይቆጥር ነበር። ለእኔ ቤት አልሆን ሲለኝ እንደ ግድግዳው አደረግሁት።»

ብሩክ የሾፌሩን ስልክ ለመነ፤ አምስት። የረዳቱን፤ አምስት። አንዲት በርበሬ ሻጭም የራሷን አወጣችለት፤ አምስት። ፕሮግራሙ ስልክ ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ይሄዳል ብሎ ስድስት ሰዓት ይቀንሳል። እዚህ ግን ሰዎቹ በእጃቸው ቀድመው ቀንሰውታል። ሁለት ጊዜ ሲቀነስ ስምንት ሰዓቱ ለፕሮግራሙ ሁለት ይሆናል፤ የጠዋቱ ክኒን ከቀትር በኋላ ቢጮህ ምን ይገርማል? ይህንኑ ለእትዬ የሺ አስረዳቸው።

«እንግዲያ የኔው ስልክ ነው ለካ» አሉ አሰብ አድርገው። «ልክ ነበርህ።»

«ልክስ ነበርሁ...»

«ልክ የሆነ ሰው ታዲያ ምን ያስቸኩለዋል? የሚቸኩልስ የተሳሳተ ነው፣ ሳይደረስበት ሊያመልጥ።»

ብሩክ ይቅርታ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዙት። «ተው! የሰደብኸኝ እዚህ ነው? የሳቁብኝ እዚያ ናቸው፤ እነሱ ይስሙ።»

እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበላቸው።

«‹በሰዓት መዛባት ምክንያት› ያልኸውን አውጣው» አሉ። «ምክንያት አትደርድርብኝ።»

አወጣው። የቀረው ይህ ነበር፦ «እትዬ የሺአረግን ሳልጠይቅ ሰደብኋቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ቤታቸው ሻይ ያለ ስኳር እየጠጣሁ ነው።»

እትዬ የሺም ስልኩን ተቀብለው በድምፅ መለሱ፦ «ይቅር ብያለሁ። የሳቃችሁትም ኑ፣ ሻይ አለ። ስኳሩን ግን እንተያያለን።» ከዚያ የብሩክን ብርጭቆ ደፍተው አዲስ ቀዱለት፤ ሦስት ማንኪያ፣ አራተኛዋን ደግሞ በይቅርታው ስም።

የይለፍ ቃሉን ብሩክ በሳምንቱ ለሌሎች ሁለት ሰዎች አካፈለ፤ «ስቆጣ የምይዘው ነገር እንዳይኖር ነው» አለ። አዲሱ «አስታዋሽ» ገና ሲከፈት «ስልክዎ አሁን ስንት ሰዓት ይላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶ ራሱን ያስተካክላል። እትዬ የሺ ፕሮግራሙን መልሰው አስጫኑት፤ ክኒናቸው በሰዓቱ ነው። የሐሙሲት ሰዎችም ተመልሰዋል።

ያንን የማሽን ደንብ ተስኒም ጣለችው። አዲሱን በግማሽ ገጽ፣ ለጎረቤት እንደምታወራ አድርጋ ጻፈች፤ ማንበብ ለሚያዳግተውም እትዬ የሺ በድምፃቸው ቀዱት። ስህተቱን ንገረው፣ ሰውየውን ተወው ይላል። ሳትጠይቅ አትመልስ፤ በሰው ፊት የሰደብኸውን በሰው ፊት ካስ ይላል። የተቆጣ ሰው ደግሞ ወደብ ይጠብቅ ይላል። አሁን አንዱ መጋል ሲጀምር ከየአቅጣጫው «ወደብ! ወደብ!» ይጻፍለታል፤ እሱም ስቆ ይተወዋል። ከሁሉ ብዙ ጊዜ «ወደብ» የሚባለው ብሩክ ነው፣ ኩራትም ይሰማዋል።

የተስኒም ቀን ዛሬም ያው ነው፤ ባጃጁ አልረከሰም፣ ወተቱም አልረከሰም። ሰላህም ያጉረመርማል፤ ባለፈው ግን ከኳስ ተመልሶ በእናቱ ስልክ ላይ «አስታዋሽ»ን ሲጭን ደርሳበታለች። ዋጥ የምታደርጋት ቃል ብቻ ቀልላላታለች።

ይህን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያድርግልኝ ትላለች ተስኒም። «ዛሬ ቤታችሁ ያሉትን ትልቅ ሰው ስልካቸውን ለምናችሁ ሰዓቱን እዩልኝ። ስድስት ሰዓት ተዛብቶ ብታገኙት አትሳቁ፣ ቸኩላችሁም አታስተካክሉት። መጀመሪያ ‹ለምን እንዲህ አደረጉት?› ብላችሁ ጠይቁልኝ። መልሳቸውን እስከ መጨረሻው ስሙና ለማኅበራችን ላኩልን።»