ሦስተኛው ገጽ ግርጌ

«አንተ ብትመታ ራዲዮውን ማን ያሠራዋል? ማንም አንብቦ እንዲሠራበት አድርገህ ጻፍልን» አለኝ የሻምበላችን አዛዥ። ጠላት ወደያዘው ኮረብታ ልንወጣ ሦስት ቀን ሲቀረን ነው።

የስማዳ ልጅ ነኝ። ከመዝመቴ በፊት መካነ ኢየሱስ ከተማ ኤሌክትሪክ ተምሬ ስለነበር የሻምበሉ የመገናኛ ራዲዮ ሠራተኛ ሆንሁ። መጻፍም የምችል መሰለኝ። አራት ገጽ ሞላሁ፤ ሞገድ ምን እንደሆነ ሳይቀር አብራራሁ። ጓዶቼ «ምሁር!» አሉኝ፤ ደስ አለኝ። የባትሪ አቀያየሩን ሁለተኛው ገጽ ላይ ጻፍሁ። «ባትሪው ከመነቀሉ በፊት ራዲዮው ካልጠፋ የተሞላው የሞገድ ቁጥር ይሰረዛል» የሚለውን ግን ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ አስቀመጥሁት።

ኮረብታውን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያዝን። ሦስት ሰዓት ላይ መልሶ ማጥቃት መጣ። አዛዡ ቆሰለ። እኔና አንድ ጓዴ ተሸክመነው እንድንወርድ ምክትሉ አዘዘን። ራዲዮውን ከወረቀቱ ጋር ለሙላት ሰጠሁት። ሙላት የእስቴ ገበሬ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል።

«ወረቀቱን ተከተል» አልሁት።

አምስት ሰዓት ላይ ባትሪው አለቀ። ሙላት ወረቀቱን ተከተለ። ሞገዱ ተሰረዘ። የሞገዱን ቁጥር በቃላችን የምናውቀው አዛዡና እኔ ብቻ ነበርን፤ ሁለታችንም ታች ነን። ብዙም ሳይቆይ «አፈግፍጉ» የሚል ትእዛዝ በራዲዮ ተላለፈ። እኔም በሕክምና ጣቢያው ራዲዮ ሰማሁት። ደጋግመው ጠሩ። ከኮረብታው የሚመልስ ጠፋ። ትእዛዙን ይዤ በእግሬ ወጣሁ። ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል።

ሙላት ምሽጉ ውስጥ ወረቀቱን እንደያዘ ተቀምጧል።

«ያልኸውን ነው ያደረግሁት» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን እንደ አዲስ ጻፍሁት። አንድ ገጽ አደረግሁት። ማስጠንቀቂያውን ከሥራው አስቀደምሁ። በአንድ መስመር አንድ ሥራ ብቻ። ራዲዮ ነክቶ ለማያውቅ ለሻምበሉ ምግብ አብሳይ ሰጠሁትና አጠገቡ ዝም ብዬ ቆምሁ። ሁለት ቦታ ላይ ግራ ገባው። በአፌ አላስረዳሁትም፤ በሚያስፈልግበት ቀን አጠገቡ አልኖርም። ወረቀቱን አረምሁ።

ዛሬ ወገዳ ከተማ ብቻዬን እኖራለሁ። ለገጠር የውኃ ፓምፖች የጥገና መመሪያ እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳላናግር የምውልበት ጊዜ ብዙ ነው። ወጣቶች መጥተው እንዴት እንደሚጻፍ ሲጠይቁኝ፣ አንባቢው እጁ እየተንቀጠቀጠ እንደሚያነብ አስበው እንዲጽፉ እነግራቸዋለሁ። እንዴት እንደተማርሁት አልነግራቸውም።

ትእዛዙ ሳይደርሳቸው ከቀሩት አራት ሞቱ፤ በላይ፣ ጌጡ፣ አየነው፣ ምክትሉም። ከጦሩ ስመለስ የበላይን እናት ለማጽናናት እስቴ ሄድሁ።

«ልጄ፣ ተመለሱ የሚላቸው ሰው አጡ?» አሉኝ።

«ተብሎ ነበር እማማ። አልደረሳቸውም» አልኋቸው።

ለምን እንዳልደረሳቸው አልጠየቁኝም። አገላብጠው ስመው፣ መርቀው ሸኙኝ። ምርቃቱን «አሜን» ብዬ ተቀበልሁ።