እትዬ ዘነበች የቆረሱት ቤተ መቅደስ

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዊልስደን፣ ሳሎኔ ውስጥ የሺህ ዓመት ቤተ መቅደስ በዳቦ ቢላዋ ተቆረሰ... ጥፋተኛዋም እኔው ነኝ።

ከእኛ በላይ ባለው ፍላት ሚስተር ራጋቫን የሚባሉ ሕንዳዊ ሽማግሌ ይኖራሉ። አገራቸው አርክቴክት ነበሩ፤ እዚህ ግን መጋዘን ሲጠብቁ ነው ያረጁት። ዘንድሮ የሠፈራችን ላይብረሪ ሕንድ አገር ስላለው የታንጃቩር ቤተ መቅደስ ንግግር ያድርጉልን አላቸው። ደስታቸውን ብታዩ! ዊንተሩን ሙሉ ቁጭ ብለው፣ ከቴሌቪዥን ካርቶን በሚወጣው ነጭ ፎም ሞዴሉን ሠሩት። አሥራ ሦስት ደርብ፣ እንደ ፒራሚድ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ ጫፉ ላይ ጉልላት ያለው።

ቅዳሜ ጧት ጣሪያቸው ማፍሰስ ጀመረ።

«ልጄ፣ ንግግሬ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ይህን አደራ!» ብለው፣ ነጭ ጨርቅ አልብሰው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

ቀኑ ደግሞ የልጄ ክርስትና ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤቱ በሰው ጢም አለ። እኔ ኩሽና ገብቼ ወጥ ሳማስል፣ የሞዴሉን ነገር ለማንም ሳልናገር... ረሳሁት።

«እትዬ፣ ይባርኩልን!» ሲባል ሰማሁ።

እትዬ ዘነበች ከመሃላችን በዕድሜ ትልቋ ናቸው፤ ዳቦ ባርከው የሚቆርሱት ሁሌም እሳቸው ናቸው። ጨርቁን ገለጡት። ነጭ፣ ደርብ በደርብ... ቁርጥ የፈረንጅ የሠርግ ኬክ!

«አቤት ልፋት! ማን ነው ያመጣው?»

«የላይኛው ጎረቤት ናቸው፤ ጧት ይዘው ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ» አለ አንዱ።

«እግዜር ይስጣቸው። በስመ አብ...»

ሮጬ ስደርስ ቢላዋው ከጉልላቱ እስከ መሠረቱ ወርዷል።

«ምነው ይሄ ኬክ ሲቆርሱት ይጮኻል?» ይላሉ እትዬ።

«እትዬ! ቤተ መቅደስ እኮ ነው! የሕንዶች!»

ቢላዋውን ለቀቁት። «በልደታ! ባርኬ ቆረስኩት እኮ!»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ሚስተር ራጋቫን... ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው። አንዱ ካሴቱን አጠፋው። እትዬ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ እሳቸው ልብ እንኳ አላሏቸውም። የተቆረሰውን ጎን አንስተው ውስጡ ላይ አፈጠጡ።

«ማን ነው የቆረጠው?»

ሁላችንም ወደ እትዬ ዞርን።

«ልክ መቆረጥ ያለበት ቦታ ላይ እኮ ነው የቆረጣችሁት!»

ለካ ያ ግንብ ከውጭ ሲያዩት ድፍን ተራራ ይምሰል እንጂ ውስጡ እስከ ላይ ባዶ ነው። ቾላ የሚባሉት ነገሥታት ግንበኞች ጥርቡን ድንጋይ ትንሽ በትንሽ ወደ ውስጥ እያስጠጉ ካቡት፤ አናቱ ላይም ያን ከባድ ጉልላት ጫኑበት። እንዴት እንዳወጡት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከሩቅ መንደር ጀምሮ አፈር ደልድለው፣ በዚያ ላይ ጎትተው ነው የሚሉ አሉ። ሚስተር ራጋቫንም ሞዴላቸውን ልክ እንደ ዋናው ባዶ አድርገው ሠርተውታል። ግን ውስጡን ለሰው እንዴት ያሳዩት? የዊንተር ልፋታቸውን መቁረጥ ደግሞ እጃቸው እምቢ አለ።

ግማሾቻችን ነጠላችንን እንደለበስን ተከትለናቸው ላይብረሪ ሄድን። እትዬ የተቆረሰውን ጎን ይዘው ቆሙ፤ ምልክት ሲሰጣቸው እንደ በር ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በተከፈተ ቁጥር አዳራሹ «ኦ!» ይላል። ሚስተር ራጋቫንማ የሃያ ዓመት ወጣት ሆኑ።

ሲያበቃ አንዲት እንግሊዛዊት ወደ እትዬ ጠጋ ብላ፣ «አብራችሁ ነው የሠራችሁት?» አለቻቸው። ተረጎምኩላቸው።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አይደለም በያት። እሳቸው ሠሩ፣ እኔ አፈረስኩ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ!»