ዘበነ ሲታይ የሚጨልመው ስክሪን

ጥሩሐረግ ሰቆጣ ከገበያው በላይ ጠባብ ፎቶ ቤት አላት። ለመታወቂያ የመጣውን ገበሬ አንገቱን ቀና ታደርጋለች፣ የሰርግ ቪዲዮ ትቆርጣለች፣ የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ትቀይራለች። ሙያውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ዘበነ ነው። ቤቱን የከፈተውም እሱ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝበት፣ "እስክመለስ ያዢልኝ" ብሏት ከጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ ወጣ። ባሕሩ ዳር ሲደርስ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። አመታት እንዲሁ አለፉ።

ያገሩን ሰው ሁሉ ሲያነሳ የኖረ ሰው የራሱ ፎቶ አልነበረውም። አንዲት ጉርድ ፎቶ ነበረችው፤ እሷንም ለመንገዱ ይዟት ሄደ። እናታቸው ወይዘሮ ለተሥላሴ ከሰቆጣ ዙሪያ ለገበያ በመጡ ቁጥር ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመው ግድግዳውን ይቃኛሉ። የጎረቤት ልጅ አለ፣ የቄሱ ልጅ አለ፣ የሳቸው ልጅ የለም።

ዘንድሮ ደግሞ ዓይናቸው ከዳቸው። ጥሩሐረግ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። የዓይን ግፊት ነው ተባለ። አንዱ ዓይን ጠፍቷል፤ ሌላው ውስጥ የቀረችው ብርሃን ጥቂት ናት። ሐኪሙ ጠብታ አዘዘና ጥሩሐረግን ወደ ጎን ጠርቶ፣ "የጠፋው አይመለስም። የቀረውም ብዙ መቆየቱን እንጃ" አላት። እናቷ ምን አለሽ ሲሏት፣ "ጠብታውን እንዳታቋርጪ ነው ያለው" ብላ ዋሸች።

በዚያው ሳምንት የአክስታቸው ልጅ ፋንታሁን ከሰሃላ ድረስ መጥቶ ፍላሽ ሰጣት።

"የሰርጌ ቪዲዮ ነው" አላት። "ያኔ ዘበነ ነበር የሚቀርጸው። ዳስ ውስጥ ግን ካሜራውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ጨፍሯል። አለበት፣ አይቼዋለሁ።"

ጥሩሐረግ እናቷን ከፎቶ መነሻው በርጩማ ላይ አስቀምጣ ላፕቶፑን ጭናቸው ድረስ አስጠጋችላቸው። ከተማው መብራት ካጣ ሰንብቷል። ላፕቶፑ ጎረቤት ጄኔሬተር ላይ ተሰክቶ ያገኘውን ባትሪ ይዞ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የቀኑ ክፍል መጣ። ፀሐይ አለ፣ በቅሎ አለ፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ አለ። ወይዘሮ ለተሥላሴ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደርሶ፣ "ይኸ ፋንታሁን ነው። ይቺ ጎረቤታችን ባንቺ ናት፣ ምን ታደርግ ነው ከፊት የምትቀድመው!" እያሉ ሳቁ።

ከዚያ ቪዲዮው ወደ ዳሱ ገባ። ውስጡ ጨለምለም ያለ ነው። ከጨፋሪው መሃል ዘበነ እያጨበጨበ ብቅ አለ፤ ገና ፊቱን ወደ ካሜራው ሳያዞር ስክሪኑ ቀስ እያለ ደበዘዘ። አንድ ሰው ከኋላ መጋረጃ የጣለበት መሰለ። ሰዉም ዳሱም አንድ ጥላ ሆኑ።

ጥሩሐረግ ብርሃን መጨመሪያውን ተጫነች። ሙሉ ነው ይላታል። ወደ ኋላ መለሰችው፤ ቀኑ ቦግ ብሎ በራ። ወደ ፊት አመጣችው፤ ዘበነ ሲደርስ ጨለመ። ዘግታ ከፈተችው። ገመዱ ከማጠፊያው ላይ ላልቶ እንደሆነ ብላ ክዳኑን ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰችው። ቪዲዮውን ራሱን ልታፈካው ሞከረች፤ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት መሰለ፣ ስክሪኑም መልሶ ደበዘዘ። ስልኳ ላይ ከፈተችው፤ እዚያ ይታያል፣ ግን ለእናቷ ዓይን የስልክ ምስል የጉንዳን ያህል ነው። መብራት እስኪመጣ ልጠብቅ እንዳትል፣ የሐኪሙ ቃል ጆሮዋ ላይ አለ።

ወይዘሮ ለተሥላሴ ፊታቸውን ከመስታወቱ አራቁ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ "ተይው ልጄ። ደክሞኛል፣ ዝጊው" አሉ።

"ቆይ እማ፣ እዚህ ነው ያለው! አሁን አሠርቼው እመጣለሁ፣ እንዳትሄጂ!"

መልስ ሳትጠብቅ ላፕቶፑን አቅፋ ወጣች። ባጃጅ ይዛ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጌታሰው ዘንድ ደረሰች። ጌታሰው ነገሩን ሰምቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"ስክሪኑ ሊሞት ነው። ከወልድያ እናስመጣና እንቀይረው።"

"ዛሬ ነው የምፈልገው! ወልድያ የሚባል አታንሳብኝ።"

"እህቴ፣ እኔ ስክሪን አልወልድ" ብሎ ነጭ ገጽ ከፈተ። ስክሪኑ በራ፣ አልደበዘዘም። ግራ ገብቶት፣ "ደህና ነው እኮ፣ የታለ?" አላት።

ያን ጊዜ እንባዋ ፈነዳ። "ወንድሜ ሲመጣ ብቻ ነው የሚጨልመው! ሌላውን ሁሉ ያሳያል። እሱን ብቻ ነው የሚደብቅብኝ!"

ጌታሰው ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ቪዲዮውን እንድትከፍትለት ጠየቃት። ዳሱ ሲመጣ መደብዘዙን አየ። የራሱን ሶላር ሰክቶ እንደገና ሞከረ፤ አልደበዘዘም። ነቀለው፤ ደበዘዘ። ሌላ ጥቁር ምስል ፈልጎ ከፈተ፤ እሱም ደበዘዘ።

"ወንድምሽ አይደለም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በባትሪ ሲሆን የሚቆጥበው ነገር አለ። ምስሉ ሲጠቁርበት ብርሃኑን በራሱ ይቀንሳል። መብራት በነበረ ጊዜ እየተሰካ ስለሚሠራ አላስተዋልሽው ይሆናል።"

ሴቲንጉ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ያገኘው ቁጠባ ቀድሞውንም ጠፍቶ ነበር፤ አጥፍቶ አብርቶ ቢሞክረው ለውጥ የለም። ሲፈልግ ቆይቶ የስክሪኑን ካርድ የሚያዘው ፕሮግራም ውስጥ ሌላ የባትሪ ቁጠባ አገኘና አጠፋው። ዳሱን ከፈተ። ስክሪኑ እንደበራ ቆመ። ዘበነ ላቡ ግንባሩ ላይ እያብለጨለጨ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ቀጥ ብሎ እህቱን አያት። ጥሩሐረግ አልቻለችም፤ ክዳኑን ጠረቀመችው። "እናቴ ትቅደም" አለች።

ፎቶ ቤቱ በር ላይ አጠገቧ ቅመም የምትሸጠው ወለተ ገብርኤል ተቀበለቻት።

"ምን ብታደርጊያቸው ነው? ከሄድሽ ጀምሮ ያለቅሳሉ። 'ልጄ ብቅ ሲል ዓይኔ ጠፋ' ይላሉ።"

እናቷ ለካ ስክሪኑ በደበዘዘ ቁጥር ያቺ የቀረቻቸው ብርሃን የጠፋች መስሏቸው ነበር። ጥሩሐረግ ሮጣ ገብታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

"እማ፣ ዓይንሽ አይደለም! ኮምፒውተሩ ነው የጨለመው። ለኔም ጨልሞብኝ ነበር።"

"እኔን ለማጽናናት ነው።"

"በእመቤቴ! አሁን ተሠርቷል፣ ነይ እይው።"

ወይዘሮ ለተሥላሴ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ። ዳሱ መጣ። ስክሪኑ አልደበዘዘም። በድንገት ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ።

"ይኸው! ይኸው ልጄ! ነጭ ሸሚዝ ለብሶ!"

ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ደግሰው የሚባለው የፋንታሁን ሚዜ ነው። ዘበነ ከጎኑ ነው፣ ጥቁር ጃኬት ለብሷል። አዎ ብትል እናቷ ደስ ብሏቸው ያድራሉ። ግን በሌላ ሰው ፊት። ጣታቸውን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ጎን አንፏቀቀችው።

"እዚህ ጋ ነው እማ። ጃኬት ነው የለበሰው።"

እናቷ አዩ፣ ቀረቡ፣ ራሳቸውን ዘመም አድርገው አዩ።

"እዚህ ጋ ምንም የለም፣ ልጄ።"

ምስሉን አቆመችው፣ አሰፋችው፣ ፊቱ ብቻ ስክሪኑን እንዲሞላ አደረገችው። "አሁንስ?"

"ጥቁር ነው።"

ሌላ የምትነካው ቁልፍ አልነበራትም። ሁሉም ሙሉ ነው። ሳታስበው ምስሉን ለቀቀችውና ከዳሱ ጫጫታ መሃል የዘበነ ድምፅ ወጣ። ካሜራውን ለያዘው ሰው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና፣ አይንቀጥቀጥብህ፣ በሁለት እጅህ ያዘው እያለ ይስቃል። ወይዘሮ ለተሥላሴ የጥሩሐረግን ክንድ ያዙ።

"ድገሚው" አሉ።

ደገመችው። ባትሪው እስኪያልቅ ደገመችው። እናቷ መጨረሻ ላይ ፊታቸውን ከስክሪኑ አዙረው፣ ጆሯቸውን ብቻ ሰጥተው ነበር የተቀመጡት።

ወይዘሮ ለተሥላሴ ወደ ቀያቸው አልተመለሱም፤ የቀረችው ብርሃን በክረምቱ ሄደች። አሁን ከጥሩሐረግ ጋር ይኖራሉ። ጠዋት ጠዋት ፎቶ ቤቱ ሲከፈት በርጩማዋ ላይ ይቀመጡና፣ "እስቲ ክፈቺልኝ" ይላሉ። ጥሩሐረግ ትከፍትላቸዋለች። ዘበነ መሳቅ ሲጀምር ግን እሷ መንገዱ ላይ ወጥታ ትቆማለች፤ ድምፁ እስኪያልቅ አትገባም።