የኸይራት ድመት

ኸይራት በንጉሡ ዘመን ሞጣ ውስጥ እህል የምትነግድ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። መጋዘኗን ከአይጥ የምትጠብቅላት ድመቷ ከሳች፤ ሆዷ ተነፋ፤ አንድ ጠዋትም ክር የመሰለ ረጅም ነጭ ትል አስታወከች። ጎረቤቷ ይርገዱ፣ "እኛን ያሻረ ኮሶ እሷንም ያሽራታል" ብላ በጥብጣ አመጣችላት።

አንድ ማንኪያ እንደጋተቻት ድመቷ ለሐጯን አዝረከረከች፤ እግሯም ከዳት። ኸይራት በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ከወለጋ ተመድቦ ወደ መጣው የከብት ሐኪም፣ ወደ አቶ በዳዳ ሮጠች።

"ምን አጠጧት?"

"ኮሶ... አንድ ማንኪያ። ክር የመሰለ ረጅም ነጭ ትል ስላስታወከች ነው።"

"ሁለተኛ እንዳይሰጧት! ለሰው የሚሆነው ለድመት መርዝ ነው። ደግሞም ይሄ ወስፋት ነው፤ መድኃኒቱ ሌላ ነው።"

ለሐጯን እየጠረጉ እስከ ቀትር አጠገቧ ተቀመጡ። ትንፋሿ ቆም ባለ ቁጥር ኸይራት ዱዓ ታደርግ ነበር። ከሰዓት በኋላ ድመቷ አንገቷን ቀና አድርጋ ጮኸች።

አቶ በዳዳ የወስፋቱን መድኃኒት የሰጣት ግን በሳምንቱ፣ ስትበረታ ነው። መጀመሪያ በሚዛን መዘናት፤ ከዚያ በክብደቷ ልክ ከክኒኑ ትንሽ ቆርሶ አስዋጣት።

"በአሥራ አምስተኛው ቀን ያምጧት፤ ይደገምላታል" አላት።

ኸይራት ቀኑን ሳታዛንፍ ወሰደቻት። ድመቷም በዚያ ክረምት አራት ወለደች።