የሚሰፉና የማይሰፉ ገጾች

የፍቅር ልብወለድ ውስጥ ያሉ ሰዎች አልጋ ላይ ለምን እንደማይስቁ እስካሁን አይገባኝም። ያለቅሳሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ራሳቸውን ይስታሉ፤ መሳቅ ግን የለም። ይህን ያስተዋልኩት ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ የሚያሳፍሩ ገጾችን እየለየሁ በምሰፋበት ጊዜ ነው። መስፋት ስል በመርፌና በክር ማለቴ ነው።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፣ ኢንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ነበራት። ከፊት ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጣለች፣ ከኋላ ባለው መደርደሪያ ደግሞ መጽሐፍ ታከራያለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የኖረችው በዚያ ነው። እኔ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር እናቴ ካለችበት ከአዘና መጥቼ እሷ ጋ ተጠጋሁ። እናቴ የላከችኝ ደስ ብሏት አልነበረም፤ አዘና ላይ ለእኔ የታሰበ ሰው ነበር። ጥሩ ሰው ነው ይላሉ። መሬት አለው፣ በሬዎች አሉት፤ እኔ ግን ገና ሳየው እንቅልፌ ይመጣል። "እህቴ ጋ የሚረባ ሥራ ካለሽ ተቀመጭ፤ ከሌለሽ ሰው ትከሻ ላይ አትንጠልጠይ፣ ነይና ትዳርሽን ያዥ" ብላኛለች። ስለዚህ የዚያ ሱቅ ነገር ለእኔ የቀልድ አልነበረም። አክስቴ ካሰናበተችኝ የምሄደው በቀጥታ አዘና፣ ከአዘና በቀጥታ ወደ ሰርግ ነበር።

አክስቴ ጾመኛ ናት፣ ሰንበቴዋን አታስታጉልም። የፍቅር መጽሐፉ ግን መተዳደሪያዋ ነው። ደብተር የሚሸጠው መስከረም ላይ ነው፣ ልብወለድ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል፤ በተለይ ክረምት ላይ፣ ቆሰበር የምንላት የከተማችን ጭጋግ ከበር አልወጣ ሲል ሰው የሚያነበው አጥቶ ይመጣል። እሷ ገበያዋንም ነፍሷንም ላለማጣት የራሷን ዘዴ ፈጠረች። አዲስ መጽሐፍ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ሲመጣላት፣ የሚያሳፍሩት ገጾች ጠርዛቸው ተገጥሞ በክር ይሰፋል። ክሩን መበጠስ ክልክል ነው። ሁሉም ይበጥሳል፣ አንብቦ ሲጨርስ መልሶ ይሰፋል። አክስቴም በነጭ ክር የሄደው መጽሐፍ በጥቁር ክር ተሰፍቶ ሲመለስ አይታ እንዳላየች ታልፋለች።

ችግሩ የሚሰፋውን ለመለየት አንድ ሰው አስቀድሞ ማንበብ አለበት። አክስቴ ነገሩ መሞቅ ሲጀምር ዓይኗን ጨፍና በግምት ትሰፋ ስለነበር፣ ገዳዩ የታወቀበት ገጽ የተሰፋ የወንጀል መጽሐፍ ሁሉ ነበረን። በመጨረሻ ሥራውን ለእኔ ጣለችው። "አንች ልጅ ነሽ፣ ያነበብሽው ቶሎ ይጠፋብሻል" አለችኝ።

አልጠፋብኝም። ጠዋት ሱቁን ጠርጌ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ከባንኮኒው ኋላ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዬ ይግል ነበር፤ ደንበኛ ሲገባ መጽሐፉን ጋቢዬ ውስጥ እደብቀዋለሁ። አንድ ክረምት ካነበብኩ በኋላ ግን እፍረቱ ለቀቀኝና ንዴት ያዘኝ። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደግመዋል። ወንዱ ሁልጊዜ ደረተ ሰፊ ነው፣ ሁልጊዜ ከውጭ አገር የመጣ ነው፣ መኪናው ሁልጊዜ ጥቁር ነው። የሴቷ ከንፈር እንጆሪ ነው፤ እንጆሪ እኛ አገር አጥር ላይ የሚወጣ እሾሃም ነገር ስለሆነ ደራሲው ለቅሞ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሲሳሳሙ ምድር ትናወጣለች። ከዚያ ነጠብጣብ ይደረደራል፣ ከዚያ ይነጋል። እኔም ሰው ነኝ፤ ያን ሁሉ ገጽ አስሩጠውኝ በነጠብጣብ ሲያሰናብቱኝ እበሽቅ ነበር።

ብስጭቴን ለደንበኞች መናገር ጀመርኩ፣ እነሱም ለመዱት። "ይኼኛው እንዴት ነው?" ይሉኛል። "ሰውየው ገልቱ ነው፣ እሷ ግን ልብ አላት" እላለሁ። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት እኔ ሳልነግራት አትከራይም ነበር። ያነበበችውን ለጎረቤት ሻጮች በአዊኛ ትተርክላቸዋለች አሉ፣ ደራሲው ያጎደለውን ራሷ እየሞላች።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ መጽሐፍ መጣ። ሽፋኑ እንደ ሌሎቹ ጽጌረዳና የሴት ትከሻ ነው። ውስጡ ግን ባልና ሚስት ናቸው፣ ከተጋቡ የቆዩ፣ ተኳርፈው የሰነበቱ። ብርድ ነው። ጀርባ ተሰጣጥተው ተኝተው ሳለ እሷ ሳታስበው የቀዘቀዘ እግሯን ባቱ ላይ ታሳርፋለች። እሱ ይጮኻል። እሷ ሳቋ ያመልጣታል፣ እሱም ኩርፊያውን ረስቶ ይስቃል። ሳቁ ቀስ እያለ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። እጁ የቀሚሷን ቁልፍ ይፈልጋል፣ አንዱ ቁልፍ አልፈታ ይለዋል፣ እንደገና ይሳሳቃሉ። ነጠብጣብ የለም። ደራሲው ሁሉንም ጻፈው፣ እኔም ሁሉንም አነበብኩት። ጨርሼ እንባዬ መጣ፤ ከደስታ ነው። ሰው ለካ እንዲህም ይፈላለጋል አልኩ። የአዘናው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ከእሱ ጋር አንድ ቀን እንኳ እንደማልስቅ አወቅኩ።

መርፌውን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ሰፍቼ ያንን የእንጆሪ ወሬ ክፍት ልተው ነው? እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ደራሲው የአንድ ትልቅ ሆቴል ወለልና ሊፍት የሚያደንቅበት አሰልቺ ቦታ ነበር። እሱን ጥርቅም አድርጌ ሰፋሁትና የባልና ሚስቱን ገጾች እንዳሉ ተውኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቤ ይኸው ሆነ፤ መጥፎው ይሰፋል፣ ጥሩው ይነበባል። ለአክስቴ አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም።

ትንሽ ሰንበት ብሎ፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ የእድራችን ዳኛ ያን መጽሐፍ ይዘው ገቡ። ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከወፍጮው የሚበልጥ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከኋላቸው ቆማለች። ሱቁ ውስጥ ዝናብ ያስጠጋቸው ተማሪ ልጃገረዶችና የሽንኩርቷ ሴት ነበሩ።

"ኧረ ምን ጉድ ነው!" አሉ አክስቴን። "እኔ እንዲህ ያለ ነገር በእጄም አልነካ! ኸሚስቴ እጅ ነው ያገኘሁት። ክርሽን አምነን አይደል ወይ ቤታችን የምናስገባው? የሚሰፋው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፣ የተሰፋው ደግሞ የሆቴል ወሬ!"

አክስቴ መጽሐፉን ተቀብላ አገላበጠች። ፊቷ ተለዋወጠ። ወደ እኔ መዞር ጀምራ ግን ቆመችና ሰውየውን ትኩር ብላ አየቻቸው።

"የተሰፋው የሆቴል ወሬ መሆኑን በምን አወቁ፣ ጋሼ?"

ልጃገረዶቹ ደብተራቸውን ፊታቸው ላይ ለጠፉት። የሽንኩርቷ ሴት መሸፈኛ ስላልነበራት ሳቋን ለቀቀችው።

"ወይኔ!" አለች ሚስታቸው። "መርፌ ስጭኝ፣ ሸሚዜ ተተረተረ ያልኸኝ ለዚህ ኑሯል?"

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ነገሩ እንዳላበቃ ገብቶኛል። ሳቁ በረድ ሲል አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንች ልጅ፣ አምኜሽ ነበር። ምነው ከፍተሽ ተውሽው?" አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የአዘና መንገድ ታየኝ፣ በሬዎቹ ታዩኝ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ።

"ጥሩ ስለሆነ ነው፣ እትዬ። እኔ የሰፋሁት መጥፎውን ነው።"

"መጥፎ ማለት?"

"ውሸቱን። ይኼኛው እውነት ነው። ካላመንሽኝ ላንብብልሽ።"

"አይነበብም!" አሉ ዳኛው።

"ይነበብ" አለች ሚስታቸው።

አነበብኩ። ኩርፊያው ጋ ስደርስ ድምፄ ጸና። እግሯን ባቱ ላይ ስታሳርፍ የዳኛው ሚስት ጭኗን መታ አድርጋ "የእኔን እግር ነው የጻፈው!" አለች። ዳኛው ጣሪያውን ያዩ ጀመር፣ ግን ጢማቸው ሥር ፈገግታ እንደነበረ አይቻለሁ። ቁልፉ ጋ ስደርስ አቆምኩ። ተማሪዎች አሉ፣ አክስቴም ጾመኛ ናት። መጽሐፉን ለመዝጋት አጠፍ አደረግኩት።

"ኸዚያስ?" አለች አክስቴ።

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ የምታየው ግን እኔን አልነበረም።

"እናንተ ውጡ፣ ዝናቡ አባርቷል" አለቻቸው ተማሪዎቹን። አላባራም ነበር። እያጉረመረሙ ወጥተው ከበሩ ውጭ፣ ቆርቆሮው ሥር ተጠጉ፤ ጆሯቸው ግን ውስጥ ነበር። እኔም እስከ መጨረሻው አነበብኩ፣ አንዲት ቃል ሳልዘልል፣ ድምፄን ሳልቀንስ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ስጨርስ አክስቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ "የእኔም እንዲህ ያስቀኝ ነበር" አለች። ባሏን ከቀበረች ጀምሮ ስለ እሱ እንዲህ ስታወራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። መጽሐፉን ከእጄ ወስደው "ገና የኪራዩ ቀን አላለቀም" አሉና ካፖርታቸው ውስጥ ከትተው ወጡ። ሚስታቸው ጥርሷን መክደን አቅቷት ተከተለቻቸው።

በዚያው ሰሞን እናቴ ደወለች። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ አክስቴ ስልክ የምታወራው ደጅ ወጥታ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ እስኪሰሙ ድረስ እየጮኸች ነው። የአዘናው ሰውዬ ቤተሰቦች ቁርጡን ንገሩን እንዳሉ ከመልሷ ገባኝ። ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ።

"አትመጣም" አለች አክስቴ። ትንሽ አዳመጠች። "እዚህ ተቀምጣ ምን ትሠራለች ነው የምትይኝ? ታነባለች። አዎ፣ ታነባለች! እሷ ያልፈረደችበት መጽሐፍ ከዚህ ሱቅ አይወጣም። ልጅቱ ሥራ ላይ ናት በያቸው።"