የአኮት የእንግዴ ልጅ

ሪስፐር የሆስፒታላችን ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። እኔ ከጎኗ ባለው ልብስ ማጠቢያ ነው የምሠራው። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ጣሪያ ስለማይደርስ፣ ስታስነጥስ "ይማርሽ" የምላት እኔ ነኝ። ሐሳብ የሚበላት ሴት ናት። ሐይቁ ጸጥ ካለ ዓሣ አጥማጁ ወንድሟ ሰጠመ ትላለች፤ ማዕበል ከተነሣም ሰጠመ ትላለች። ሟቹ ባሏ "የኔ ሚስት የምትጨነቅበት ነገር ስታጣ፣ ለምን አጣሁ ብላ ትጨነቃለች" ይል ነበር።

በፊት የምታበስለው ከኮረብታው እየተመነጠረ በሚመጣ እንጨት ነበር። ዓይኗ ዓመቱን ሙሉ እንደቀላ ነበር። ከማዋለጃው ክፍል ጀርባ ደግሞ የጡብ ምድጃ ነበረን፤ የቁስሉ ጨርቅ፣ መርፌው፣ ቤተሰብ ያልወሰደው የእንግዴ ልጅ ሁሉ እዚያ ይነድዳል። ጥላሸቱ ያጠብኩት አንሶላ ላይ ስለሚያርፍ አንዱን አንሶላ ሁለቴ አጥብ ነበር።

ኋላ ኦዋጋ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከኪሱሙ ከተማ መጣ። ምድጃውን አፈረሰ። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ብርሃን ወደ መብራት የሚለውጡ ሰሌዳዎች ደረደረ፤ መርፌና ጨርቁን በእንፋሎት የሚቀቅል መሣሪያ ተከለ፤ ጓሮው ውስጥ ደግሞ ትልቅ የባዮጋዝ ጉድጓድ ቆፍሮ ከደነው። የሽንት ቤቱ ፍሳሽና የወጥ ቤቱ ትራፊ እዚያ ይገባና ይብላላል፤ ከላይ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ሪስፐር ምድጃ ድረስ ይመጣል።

ሪስፐር መጀመሪያ የፈራችው ፍንዳታውን ነው። ክብሪት ስትጭር እጇን ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነበር። በር ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቁት ባለሞተር ሳይክሎች ደግሞ አላስቀመጧትም።

"ማማ፣ የዛሬውን የኡጋሊ ገንፎ ያበሰለው የማን ሽንት ቤት ነው?" አላት አንዱ።

"ያንተ ነው፤ ለዚያ ነው አልበስል ያለኝ።"

እንዲህ እየመለሰች ለመደችው። ጭሱ ሲጠፋ ዓይኗም ተሻላት።

አንድ ቀን ግን የድንች ልጣጭ ልትደፋ ወጥታ የማዋለጃውን የጽዳት ሠራተኛ አየችው። ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ መጣ፤ የጉድጓዱን አፍ ከፈተ፤ ገለበጠ፤ ባልዲውን አጥቦ ሄደ። ምን እንደሆነ ሳትጠይቀው ገብቷታል። ልጣጩን እንደያዘች ማዋለጃውን ወደምትመራው ወደ ሲስተር ጃሲንታ ሄደች።

"የእንግዴ ልጁን ነው እዚያ የምትጨምሩት?"

"ቤተሰብ ከጠየቀ እንሰጣለን። ያልተጠየቀው በፊት ይቃጠል ነበር፤ አሁን ጉድጓድ ይገባል። ምን ለየው?"

"ያኔ ጭሱ ወደ ሰማይ ነበር የሚሄደው። አሁን ወደ ድስቴ ነው የሚመጣው።"

ሲስተር ልትስቅ አፏን ከፈተችና የሪስፐርን ፊት አይታ ተወችው።

እኛ ዘንድ ሰው አገሩ የእንግዴ ልጁ የተቀበረበት ግቢ ነው። የእንግዴ ልጁ በወግ ሳይቀበር የቀረ ልጅ ቤት አይቆምለትም፣ እናቱም ደግማ አትወልድም ይባላል። ሪስፐር ከዚያን ቀን ጀምሮ ከራሷ ድስት መብላት ተወች። ምሳዋን በሣህን ቋጥራ ከቤት እያመጣች እኔ ጋ፣ የአንሶላ ክምር ላይ ተቀምጣ ትበላለች። ያኔ ደግሞ አንድ ልጇ ቤሪል እርጉዝ ነበረች፤ ያውም የደም ግፊት ያለባት። ሌላ ቦታ ትውለድ እንዳይባል ሐኪም ያለው እዚህ ብቻ ነው።

"በሩ ላይ እቆማለሁ" ትለኛለች። "እንደወጣ እቀበላቸዋለሁ። ለባሏ እናት በእጄ አስረክባለሁ።"

"ጠይቂና ይሰጡሻል፤ ምን ያስጨንቃል?"

"ብረሳስ?"

"አንቺ? አንቺ መርሳት ታውቂያለሽ?"

ቤሪልን ያመጧት ቀኗ ሳይደርስ፣ ዝናብ በሚወርድበት ረፋድ ላይ ነው። ፊቷ አብጧል፤ ዓይኔ ጨለመብኝ ትላለች። ገና መቀበያው ላይ ሳለች አንቀጠቀጣት። በሩጫ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ለሪስፐር የነገርኳት እኔ ነኝ፤ የሕመምተኛውን ምሳ እያማሰለች ነበር። ማማሰያውን ከነገንፎው እንደያዘች ሮጠች።

በሩ ሥር ቆመች። አትቀመጥም፣ አታለቅስም፣ አትጸልይም። ማማሰያውን ልቀበላት ብል አልለቅም አለች። ውስጥ ሰው ሲጣራ፣ ብረት ሲወድቅ ይሰማል። አንዲት ነርስ ደም ፍለጋ ሮጣ ወጣች፤ ሪስፐር መንገድ ለቀቀችላት። ከዚያ የሕፃን ለቅሶ ሰማን፤ እንደ ድመት ልጅ የቀጠነ። ሴት ናት አሉን። ስለ እናቲቱ ግን ማንም ምንም አላለም።

ፀሐይ ብቅ ካለች በኋላ ነው ሲስተር ጃሲንታ የወጣችው።

"ነቅታለች። ገና አልለየላትም፤ ግን እናቴን ብላለች።"

ሪስፐር እዚያው ሲሚንቶው ላይ ዘጭ አለች። ውሃ አምጥቼ እያጠጣኋት ሳለ በድንገት እጄን ያዘችና ፊቴን አየችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ተከተልኳት። ባልዲው ታጥቦ፣ ግድግዳው ሥር ተደፍቶ ፀሐይ ይሞቃል።

"ሳልጠይቅ" አለች። "አጠገቡ ቆሜ ሳልጠይቅ።"

የቤሪል አማት፣ የባሏ የኦምቦጎ እናት ፔኒና፣ ማግሥቱን ከመንደራቸው መጡ። አዲስ ሸክላ ድስት በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። ሪስፐር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አድራለች። ምራታቸውን ስመው፣ ሕፃኗን አቅፈው፣ ዝናብ ላይ ስለተወለደች አኮት ብለው ከጠሯት በኋላ ወደ ሪስፐር ዞሩ።

"እንግዲህ የቤሪል እናት፣ አደራዬን ይስጡኝ።"

"የለኝም።"

"ማን ዘንድ ነው?"

"ጉድጓድ ገብቷል፣ የኦምቦጎ እናት። ልጄ ትሞታለች ብዬ ሌላው ሁሉ ከራሴ ጠፋ። አልጠየቅኋቸውም።"

ፔኒና መሬት ላይ ተቀመጡ። ድስቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ሲዞሩት ቆዩ።

"ያ ወጥ ቤት ጋዝ የሚልከው ጉድጓድ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ታዲያ የልጄ ልጅ ለሰው አጥሚት ማፍያ ሆነች በይኛ።"

ሪስፐር በአንቺ መጠራቷን ያስተዋልኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አልሰማችውም።

ፔኒና ከዚያ ወዲያ የሆስፒታሉን አጥሚት ለቤሪል አላስቀምስም አሉ። ከሰል ገዝተው ጓሮ ውስጥ፣ ልብስ ማድረቂያው ሥር በራሳቸው ምድጃ ያበስላሉ። ሁለቱ ሴቶች በየፊናቸው ድስት ጥደው አይነጋገሩም። ሪስፐር በሰማያዊው እሳት ላይ ለሌሎች አራሶች አጥሚት እያፈላች በመስኮቱ ወደ ፔኒና ከሰል ታያለች። ሕፃኗ ጡት እምቢ ባለች ቁጥር ወደ እኔ መጥታ "ይኸው ጀመረ" ትለኛለች።

"ቀኗ ሳይደርስ የተወለደች ልጅ ናት፤ መጥባት ይከብዳታል።"

"እሱ ብቻ ቢሆን።"

ነገሩን የሰማችው ሲስተር ጃሲንታ ኦዋጋን ይዛ መጣች። ልጁ ሁለቱ ሴቶች ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። በሳይንስ ሊያስረዳ ጀመረ፤ ፔኒና እጃቸውን አነሡ።

"ልጄ፣ ስለ እሳቱ ተወኝ። የገባው ነገር ሁሉ እሳት ሆኖ ያልቃል?"

"አያልቅም እናቴ። የሚበዛው ቆይቶ በወዲያኛው በኩል እንደ ጥቁር ጭቃ ይወጣል። አድርቀን፣ አሳርፈን ለዛፍ ነው የምናደርገው።"

"የኔዋ መቼ ትወጣለች?"

"ዝናቡ ሲያበቃ ይመስለኛል። ግን የእርስዎን ለይቼ ልሰጥዎ አልችልም። እዚህ የተወለዱት ሁሉ አብረው ናቸው።"

ሪስፐር የልብሷን ጫፍ በጣቷ ስትጠመዝዝ ነበር።

"ስትወጣ ላክብኝ" አሉ ፔኒና።

ዝናቡ ሲያበቃ መጡ። ኦዋጋ ጓንት አጥልቆ፣ ደርቆ የከረመውን ጥቁር አፈር በአካፋ ሸክላ ድስቱ ውስጥ አደረገላቸው። ሪስፐርና እኔም አብረን ወደ መንደራቸው ሄድን። ለሴት ልጅ እንደሚደረገው ከቤቱ በስተግራ ፔኒና በዶማ ቆፈሩ፤ ቤሪል አኮትን ታቅፋ ቆማለች። አፈሩን አፈር አለበሱት።

"እንግዲህ አኮት ወንድምና እኅት በዝቶላታል" አሉ ፔኒና እጃቸውን እያራገፉ። "የማን ማን እንደሆኑ እንኳ አናውቅም።"

ሪስፐር ቀስ ብላ ጠጋ አለቻቸው። "ይበቃ ይሆን፣ የኦምቦጎ እናት?"

"እኔ እንጃ። አማቴ በሕይወት ቢኖሩ እጠይቃቸው ነበር።" ከዚያ ክንዷን ያዙዋት። "ይግቡ፤ የኦሜና ዓሣ ጠብሻለሁ። ከኔ እሳት መብላት አያስፈራዎትም መቼም።"

አኮት አሁን ቆማ ትሄዳለች፤ ዶሮ ታባርራለች። ባተኮሳት ቁጥር ግን ሪስፐር ማማሰያዋን ጥላ ትሄዳለች፤ ወባ ነው ቢሏት ወባው ለምን እሷን መረጠ ትላለች። ሲስተር ጃሲንታም ሥርዓቱን ለውጣለች፤ አሁን ምጥ ይዟት ለምትመጣ ሴት ቤተሰብ የእንግዴ ልጁ ጥያቄ ገና መቀበያው ላይ ይቀርባል፤ ባልዲውም ጀንበር እስክትጠልቅ ሳይደፋ ይቆያል። ሪስፐር ግን በዚህ አልተማመነችም። ጠዋት ድስቷን ሳትጥድ በፊት ማዋለጃው በር ላይ ሄዳ፣ ግድግዳ ተደግፈው የሚጠብቁትን ባሎችና አማቶች አንድ በአንድ ትጠይቃለች።

"ተናግራችኋል? ለማን ተናገራችሁ?"

ብዙዎቹ "አዎ ማማ" ይሏታል። አንዳንዱ ከተማ ያደገ ጎረምሳ ደግሞ ትከሻውን ነቅንቆ፣ ጉድጓዱ ይውሰደው፣ ቢያንስ ዛፍ ይተርፋል ይላታል። እሱን አትከራከረውም። ጉድጓዱ የገባው የማን እንደሆነ እንድታውቅ ስሙን ትጠይቀዋለች፣ የመንደሩን ስም ትጠይቀዋለች፤ ከዚያ ወደ ወጥ ቤቷ ተመልሳ፣ ክብሪት ጭራ፣ ፊቷን ሳታዞር እሳቱን ትለኩሳለች።