ራሱ የሚወልቅ ጎራዴ

የአባቴ ጎራዴ ራሱ ይወልቃል። ራስ የምለው በእጀታው ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ጠገራ ብር ነው። ጎራዴው ከስለቱ ወደ ኋላ ቀጠን ያለ የብረት ጭራ አለው። ጭራው የቀንዱን እጀታ ሰንጥቆ አልፎ፣ መሐሉ በተበሳው ብር ብቅ ይልና ጫፉ ተቀጥቅጦ ይያዛል። ያ ጫፍ ከላላ እጀታው ይወዛወዛል፣ ብሩም ይንቀጫቀጫል። የእኛማ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሰው በትከሻው ሲነካው ይጮህ ነበር።

እስቴ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። አባቴ በአጎታቸው ለቅሶ ላይ ሲፎክሩ ብሩ ተስፈንጥሮ ሙሾ ከሚያወርዱት ሴቶች መሐል ወደቀ። አንዲት አሮጊት አነሱትና ሳም አድርገው፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው በመቀነታቸው ቋጠሩት። ለማስመለስ ሽማግሌ ተላከ። በዚያ ለቅሶ የሳቀ ሁሉ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ነው የሳቀው፤ አባቴ ግን አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ፎክረው አያውቁም።

አምና በጥር ታላቅ እህቴ ልትዳር ሆነ። እኔ ደብረ ታቦር ለትምህርት ተቀምጬ ስለነበር ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። እህቴን ጓሮ ጌሾ ስትወቅጥ አገኘኋት። ሰላም እንኳ በቅጡ ሳንባባል፣

"አባባ አልፎክርም ብለዋል" አለችኝ።

"ታዲያ ይቅራ። ፉከራ ምን ያደርግልሻል?"

"ለአንቺ ምንም አያደርግልሽም። እኔ ስማዳ ነው የምሄደው። እዚያ ዘመዴን የሚያውቅ ማን አለ? የሙሽራዋ አባት ዳስ ውስጥ ቁጭ ብለው ጠላቸውን ሲጠጡ ያየ አማት፣ ነገ ልጄ ቢመታት ማን ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል?"

ዘነዘናውን ተቀብዬ ጌሾውን ወቀጥኩላት።

በማግስቱ ጎራዴውን ያሠሩት ብዬ አባቴን ያዝኳቸው። ከወንዙ ማዶ ቀጥቃጭ አለ። ማረሻችንን የሚሠራው እሱ ነው። ጎራዴውን ግን አባቴ አይሰጡትም፤ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ያርፍበታል ይላሉ። ማረሻው ላይ ዓይኑ ሲያርፍ ምንም አይሆንም፣ ጎራዴው ላይ ሲያርፍ ነው ጉዱ። ይህን ወሬ አልወደውም፤ አልወደውም ብዬም ነገርኳቸው።

"ትምህርት ቤት ገብተሽ ያደገው ምላስሽ ብቻ ነው" አሉ።

"እሺ፣ ለእሱ ካልሰጡት እዚሁ እንሥራው።"

"ስንት ጊዜ ሠራሁት! ሰም አቅልጬ አፈስሳለሁ፤ ሌሊቱን ይይዝና ጧት ይለቃል።"

አወረድነው። ብሩን በእጃቸው ሳብ ቢያደርጉት ወጣ፤ እጀታውም ተከትሎ ሾለክ አለ። ጭራውን አሸተትኩት። ቅቤ ቅቤ ይላል። አባቴ በየዓመት በዓሉ አፎቱን፣ እጀታውን፣ ሁሉንም ቅቤ ይቀባሉ። ለእናቴ ፀጉር የተረፈ ሲጠፋ እንኳ ለጎራዴው አይጠፋም። ቅቤው በስንጥቁ እየሰረገ ቀንዱን ከውስጥ አርሶታል።

"አባባ፣ ሰሙ በቅቤ ላይ እንዴት ይያዝልዎ?"

"ቅቤ ያልጠጣ ቀንድ ይሰነጠቃል" አሉ፤ ግን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

እናቴ ከምድጃው በኩል፣ "እኔም ራሴን ሲያመኝ እንዲህ ቢቀቡኝ ምን ነበረ" አለች።

"አንቺ መች ላላሽ፣ መች ወለቅሽ?" አሏት።

ከዚያ ነው የሚገርመው ነገር የመጣው። "ሞፈርዎ ሲላላ በምንድን ነው የሚያጠብቁት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"በእርጥብ ጠፍር ነዋ። ሲደርቅ ይጨመድድና እንደ ብረት ይይዛል።"

"ታዲያ?"

ዞር ብለው አዩኝ። በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት በእጃቸው የሚሠሩትን ነገር ነው የጠየቅኳቸው። ግን ሞፈር ሞፈር ነው፣ ጎራዴ ጎራዴ ነው። የማረሻን ጠፍር ጎራዴ ላይ ማሰር ለእሳቸው ካባ በልጥ መስፋት ማለት ነው።

"ጎራዴን እንደ ሞፈር!" አሉ። የእጀታውን ቀዳዳ እያዩም፣ "ከውስጥ ነው አይደል? አይታይም?"

"ማን ያየዋል?"

እናቴ ጭራውንም የእጀታውንም ውስጥ በእንዶድ ውኃ አሽታ አሽታ አጠበች፤ ቅቤው እንደ ጭቃ ወጣ። አባቴ ከእርጥብ ቆዳ ቀጭን ጠፍር ቀደዱና ጭራው ላይ አጥብቀው ጠመጠሙት፤ እጀታውን በግድ አስገቡት፤ ብሩን ከላይ አደረጉት። ጫፉን ለመቀጥቀጥ ጠንካራ ነገር ላይ ማሳረፍ ያስፈልግ ነበር፤ ዓይናቸውን ወፍጮው ላይ ጣሉ።

"ወፍጮዬን?" አለች እናቴ። "የሠርጉን ዱቄት በጎራዴዎ ይፈጩልኛል?"

ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ አሳረፍነው። እኔ ስለቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩ፤ እሳቸው በመጥረቢያው ጀርባ ቀስ እያሉ ቀጠቀጡ። በአንዱ ምት ድንጋዩን፣ በአንዱ ብሩን ይመታሉ። መጥረቢያውን ልቀበላቸው እችል ነበር፤ አልተቀበልኳቸውም።

እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ተሰቀለ። አባቴ አውድማ ሄደው ሲመለሱ፣ ውኃ ሊጠጡ ሲገቡ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው ሲወጡ፣ ሄደው ይነቀንቁታል። "ተዉት፣ ይድረቅበት" ብላቸው፣ "ዝንብ አርፎበት ነው" ይላሉ።

የሠርጉ ዕለት የስማዳ ሰዎች ዳሱን ሞሉት። አባቴ ድግሱ እስኪጋመስ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። እህቴ በጋቢ ተሸፍና ከጓዳው በር ተቀምጣለች፤ እጄን ይዛ ጥፍሯን ታሳርፍብኛለች። አዝማሪው ሲያሞግሳቸው እንኳ ንቅንቅ አላሉም። ኋላ አንዱ የሙሽራው ዘመድ ተነሥቶ ሲፎክር፣ አባቴ ብድግ አሉ፤ ጎራዴውን መዘዙ።

ዘራፍ ብለው ዳሱን ወዲህና ወዲያ ረገጡት። እናቴ በሁለት እጇ ጉንጯን ይዛ የምታየው ብሩን ብቻ ነው። የእኛ ሰፈር ሴቶችም እንደዚያው፤ የሚወድቅበትን ቦታ እንደሚጠብቅ ሰው ጎንበስ ጎንበስ ብለዋል። ጎራዴው ተወናጨፈ፣ ወረደ፣ ተመለሰ። አልጮኸም። አባቴ ብሩ እንደያዘ ሲያውቁ ድምፃቸው ተከፈተ። ያረሱትን አልጠሩም፣ የአባታቸውንም ጀግንነት አልጠሩም። ዓይናቸውን የሙሽራው አባት ላይ ተክለው እህቴን በስሟ እየጠሩ፣ የእሷ አባት ነኝ አሉ፤ ስማዳ ሩቅ አይደለም፣ በእግሬ እመጣለሁ አሉ።

የሙሽራው አባት ተነሥተው ክንዳቸውን ያዙ። "ይበቃዎታል፣ ሰምተናል። ልጅዎ ልጃችን ናት" አሏቸው።

እልልታው ሁሉንም ዋጠው። እህቴ ከጋቢው ስር ጎተተችኝ።

"ምን አሉ? አልሰማሁም። እኔን ጠሩ?"

"ጠሩሽ።"

"በስሜ?"

"በስምሽ።"

"ንገሪኝ፣ እንዴት ብለው?"

ጆሮዋ ስር ጎንበስ ብዬ ነገርኳት። እንደገና አስደገመችኝ።